ክርሽ ጣለኝ፣ እንጨትሽ አነሳኝ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን የምጠይቅሽ ለወግ አይደለም፤ ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ወዲህ ስለ ደህንነትሽ የምሰማው ከልጅሽ አፍ ብቻ ስለሆነ ነው። “እማዬ ሥራ ሄዳለች” ትለኛለች፤ ከኋላዋ ደግሞ “ተኝታለች በያት” ስትይ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ኧረ አንዱን ምረጡ! ልጅቷንም ውሸት አታስተምሪያት፤ አትችልበትም፣ ባንቺ ወጥታለች።

ስለዚህ ደብዳቤ መረጥኩ። ስልክ ጆሮ ላይ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ግን ቦጫጭቀሽ ብትጥዪው እንኳ ምን እንደሚል ሳታዪ እንደማታድሪ አውቃለሁ። አስቀድሜ ከሐሳብ ልገላግልሽ፤ በሕይወት አለሁ፣ ኮረንቲም አልያዘኝም፣ እማዬም ደህና ናት። ጥገና ክፍል ገባሁ ወይስ አልገባሁም የሚለውን ግን አሁን አልነግርሽም። እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

የተጣላነው በዚሁ ወሬ ነው። ፋብሪካው ከሰፊዎቹ መካከል አንድ ሰው ለጥገና ክፍል ሊያሠለጥን መሆኑን፣ ለዚያም የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ማለፍ ግድ መሆኑን ስነግርሽ፣ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሁሉ ኮሌታ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ሰው “ልብስ ሰፊ ናት” ይለኛል እንጂ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ እጅጌው የሌላ፣ ኪሱ የሌላ፣ የእኔ ኮሌታው ብቻ። የስፌት መኪናዬ ቀጥ ባለች ቁጥር ደግሞ እጄን አጣጥፌ የጥገና ሰው እጠብቃለሁ፤ ተቆጣጣሪያችን፣ ያ “ሰዓት” እያልን የምናማው፣ ከራሴ በላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ያያል። አንድ ቀን የመኪናዋን ሆድ ከፍቼ “ምን ሆነሽ ነው?” ብዬ መጠየቅ፣ መልሱንም እኔው ማግኘት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንቺ ግን ምን አልሽ? “ኮረንቲ? አንቺ? የእኛ ቤት ልጅ?” አልሽ። ቀጥለሽም “በዚህ ዕድሜሽ የከርሞ ጥጃ ልትሆኚ ነው?” አልሽኝ። እሱን ስቄ አሳለፍኩት። መጨረሻ ላይ ግን ድምፅሽ ተለወጠና “እዚያ ክፍል እግርሽ ከገባ እኔ እህት የለኝም” ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጥገና ክፍል መግባት፣ ግን እህቴን ሳላጣ።

አልተቀየምኩሽም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ያንን ቀን እኔ ሕፃን ስለነበርኩ በጭላንጭል ነው የማስታውሰው። እማዬ ያጠበችውን የሰው ልብስ ትተኩሳለች። የወለሉ ውሃ ገና አልደረቀም፤ እሷ ባዶ እግሯን ናት፤ የካውያው ገመድ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ድንገት ካውያውን እንደጨበጠች ድርቅ አለች። ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ድምፅ ነበር፣ አልወጣም። አክስታችን በሩ ላይ ቆማ “ያዢያት! እናትሽን ያዢያት!” እያለች ትጮሃለች። አንቺ ከትምህርት ቤት ገና መግባትሽ ነው፣ ደብተርሽ ብብትሽ ሥር ነው። አልያዝሻትም። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የመጋረጃ እንጨት አንስተሽ የእማዬን እጅ ባለ በሌለ ኃይልሽ መታሽው። ካውያው ወደቀ፣ እማዬም ወደቀች።

እማዬ ተረፈች። ሌባ ጣቷ ግን ተሰብራ ጠማማ ሆና ቀረች።

ከዚያ በኋላ አክስታችን የዕድሜ ልክ ወሬ አገኘች። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ “እኔ ያዢያት ስላት፣ እሷ እቴ! እናቷን በዱላ!” ትላለች። ሰው ይስቃል፤ አንቺ ሰሃን ሰብስበሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። እማዬ በዚያ እጇ መተኮስ ሲያቅታት ትምህርትሽን ትተሽ መርፌ ያዝሽ። ኋላም እኔን አስተማርሽኝ፤ “ክር እጥፍ ካልሆነ አይታመንም፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እያልሽ። ይህችን አባባልሽን ልብ በያት፣ ወደፊት ጉድ ትሠራኛለች።

እማዬ ደግሞ ሕግ አወጣች። መጋረጃው በገመድ ተንጠለጠለ፣ እንጨቱም ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆመ። በእኛ ቤት መብራት በጣት አይነካም፤ በእንጨቱ ጫፍ ነው የሚበራው፣ በእንጨቱ ጫፍ ነው የሚጠፋው። እንግዳ “ይሄ ምንድን ነው?” ሲል እማዬ “መብራታችን ነው” ትላለች። እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝና ፋብሪካ የገባሁ ሰሞን የመኪናዬን ቁልፍ በእንጨት ማስመሪያ ስጫን “ሰዓት” አይቶኝ ሰዓቱን ማየት ረሳ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሰው ናት ሳይንስ ልማር ብላ የተመዘገበችው።

ትምህርቱ ከፈረቃ በኋላ፣ ለማንም ጎልማሳ ክፍት የሆነ የማታ ትምህርት ነው፤ ከፋብሪካው ጀርባ፣ መስኮቶቿ በአቧራ በደበዘዙ ክፍል። ጎኔ የሚቀመጠው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ፊት ለፊቴ ዳቦ ጋጋሪ ሴት አለች፣ ዱቄቱ ከቅንድቧ አይጠፋም። መምህራችን ልጅ እግር ሴት ናቸው። ልጄ ቢሆኑ ነው፤ ግን መምህር መምህር ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸው “እህቴ” ይሉኛል።

የመጀመሪያው ትምህርት ማግኔት ነበር። መምህርት ማግኔቱን ወረቀት ሥር ያዙና ከእኔ የተቀበሉትን ስፒል ከላይ በተኑት። ስፒሎቹ ማንም ሳይነካቸው ተነሥተው ቆሙ። ወረቀቱ ሥር እጃቸው ሲሄድ አብረው ሄዱ። እኔ እኮ ስፒል በተበተነብኝ ቁጥር በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቀጥለው ለየጥንዱ ሁለት ሁለት ማግኔት ሰጡን። በአንድ በኩል ሲገናኙ ጥብቅ ይላሉ፤ አንዱ ሲገለበጥ ግን አልነካካም ብሎ ይሸሻል። “የተለያዩ ዋልታዎች ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ” አሉ መምህርት።

ሾፌሩ እጁን አወጣ። “ታዲያ መምህርት፣ እኔና ሚስቴ ምን ሆነን ነው?”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አንቺን አሰብኩሽ። እኔና አንቺ አንድ ዓይነት ግትር ነን፤ አንዳችን ካልዞርን አንገናኝም። ይኸው እኔ ዞሬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ወዲያው ደግሞ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ተሰጠን። አምፖሉ እንዲበራ ኮረንቲ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም እንደሚፈልግ ያን ቀን ገባኝ። ይህ መሄጃና መመለሻ “ዙር” ይባላል፤ አንድ ቦታ ከተቆረጠ መብራት የለም፤ ከገጠመ አለ። ማብሪያ ማጥፊያም ሌላ ምሥጢር የለውም፤ መቁረጥና መግጠም ነው። መምህርት ይህን ካስረዱ በኋላ “እህቴ፣ እስቲ የክፍሉን መብራት አጥፊልን” አሉኝ። ተነሣሁና ዓይኔ ማስመሪያ መፈለግ ጀመረ። ነገሩ ገባቸው መሰል አጠገቤ መጥተው “ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ደረቅ ጣት ይበቃዋል” አሉ በለሆሳስ።

በጣቴ ተጫንኩት፣ እትዬ። ጠፋ። ተጫንኩት፣ በራ። እንደገና አጠፋሁት፣ እንደገና አበራሁት፤ ሾፌሩ “ኧረ ሴትዮ፣ አምፖሉን ልትጨርሺው ነው!” እስኪል ድረስ ማቆም አቃተኝ። እንባዬ መጣ፤ ግን ስስቅ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

በማግስቱ የተማርነው ስለሚያስተላልፍና ስለማያስተላልፍ ነገር ነው። ዙሩን ከፍተን በመካከሉ ያገኘነውን ሁሉ እናስገባለን። መቀስ አበራ፣ ማንኪያ አበራ፣ የሾፌሩ ቁልፍ አበራ። የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ አለ፣ ክር እምቢ አለ፣ ጠመኔም እምቢ። ከዚያ ደረቅ እንጨት መጣ። አምፖሉ ዝም። አገላብጬ ሞከርኩት፤ ዝም። ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ሲያልፉ እኔ እንጨቱን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ቤት ስገባ የእማዬን እንጨት ቆሞ አየሁትና ልቤ አንድ ነገር አለኝ፤ ምን እንዳለኝ ግን ያኔ አልሰማሁትም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጽሑፉን እንደምንም ተወጣሁት፤ የቀረው የተግባሩ ነበር። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ እሳቸውን የሚረዳ ሰው ሊመርጡ መጥተው ከመምህርት ጎን ተቀምጠዋል። እኛ “ካቻቢቴ” ነው የምንላቸው፤ ከደረት ኪሳቸው ካቻቢቴ ተለይቶ አያውቅምና። ትዕዛዙ ቀላል ነው፤ ምስማር፣ የመዳብ ሽቦና ባትሪ ድንጋይ ይሰጠናል፣ እኛ ምስማሩን ማግኔት አድርገን ስፒል እናነሣለን። ሲነገረን በሆዴ ሳቅኩ። መጠምጠም? ለእኔ? ሾፌሩ በዚያ ወፍራም ጣቱ ሲታገል እያየሁ እንኳን አዘንኩለት።

ሽቦውን ከመካከሉ አጠፍኩት። እጥፍ ካልሆነ አይታመንማ! እጥፋቱን ምስማሩ ራስ ላይ አስያዝኩና ከእጥፋቱ የወረዱትን ሁለት ዘርፎች ጎን ለጎን፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይወጣ፣ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። እንዲህ ያለ ጥምጥም ፋብሪካም አያወጣ። ሁለቱን ጫፎች ከላያቸው ያለውን የማያስተላልፍ ቀለም በመቀስ ፍቄ ከባትሪው ግራና ቀኝ አያያዝኩና ምስማሩን ስፒሎቹ ላይ አወረድኩት።

ምንም።

አንድ ስፒል እንኳ ነቅነቅ አላለም። ባትሪው እጄ ውስጥ ሞቀ፤ ስለዚህ ኮረንቲው ይሄዳል። ጫፎቹን እንደገና ፋቅኩ፣ ባትሪውን ገለበጥኩ፤ ወይ ፍንክች! በዚህ መካከል የሾፌሩ ምስማር፣ ያ ጠማማ ጥምጥሙ፣ ስፒሎቹን እፍኝ አድርጎ ሲያነሣ ሰውዬው “አቤት!” ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ካቻቢቴ እኔ ጋ መጥተው ጎንበስ አሉና “ስፌቱ ያምራል” አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ያንቺ ድምፅ ደግሞ “የእኛ ቤት ልጅ?” ሲል ይሰማኛል።

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ልማድ ነዋ! መኪናዬ ስትቆም የማደርገው ይህንን ነው፤ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ። መምህርት ቢያዩኝም መናገር አይፈቀድላቸውም። ማንም እንደማይመጣ ሲገባኝ እጄን ፈታሁና ኮረንቲው የሚሄድበትን በጣቴ መከተል ጀመርኩ። ከባትሪው ወጣ፣ በአንዱ ዘርፍ እየዞረ ወደ ላይ ሄደ፣ እጥፋቱ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ በሌላው ዘርፍ በመጣበት በኩል እየዞረ ወደ ታች ወረደ። አንዱ ወዲህ ሲዞር ሌላው ጎኑ ሆኖ ወዲያ ይዞራል። ሰፍቼ ሰፍቼ እዚያው ላይ እየተረተርኩት ነው! አንዱ ዘርፍ የሠራውን ማግኔት ሌላው ያፈርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ መዳብ ግን እንዲህ ሲያብር ስፒል አያነሣም።

ያንን የመሰለ ጥምጥም ሳላዝንለት ፈታሁት። ሽቦውን ዘርግቼ፣ ነጠላውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠመጠምኩት። ስቸኩል አስቀያሚ ሆነ፤ አንቺ ብታዪው ታስፈቺኝ ነበር። አያያዝኩት። ምስማሩን ገና ሳላወርደው ስፒሎቹ ዘለው ተጣበቁ። አንዱ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ጢም ሠሩ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ሳላቅቀው ሁሉም እርግፍ አሉ፤ ስመልሰው እንደገና ዘለሉ። “እሰይ!” አልኩ በጩኸት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በፈተና መካከል።

“ምን አድርገሽው ነው?” አሉ ካቻቢቴ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ሳቁ። “ይህን ስህተት ሰፊ እንጂ ሌላ ሰው አይሠራውም። ማን አስተማረሽ?”

“ስህተቱን እህቴ፤ ማረሚያውን መምህርት” አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። “ሽቦ መጠምጠም ሁሉም ይለምደዋል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ባልደረባሽን መኪናው ላይ ኮረንቲ ይዞት ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ዋናውን ማጥፊያ አጠፋለሁ።”

“ሩቅ ነው፤ አትደርሺም።”

“በእጄ አልነካውም” አልኩ። እትዬ፣ ያኔ ነው ልቤ ያን ቀን ያለኝን የሰማሁት። ወለሉን አየሁት፣ ካውያውን አየሁት፣ አክስታችን “ያዢያት!” ስትል ሰማኋት። “እህቴ ያደረገችውን አደርጋለሁ” አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። እንጨቱን፣ የእማዬን እጅ፣ ጣቷን።  ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

“እንጨቱ ደረቅ ነበር?” አሉ ካቻቢቴ።

“የመጋረጃ እንጨት ነው፤ ውሃ ነክቶት አያውቅም።”

“እሷስ ጫማ አድርጋ ነበር?”

“ከትምህርት ቤት መግባቷ ነበር፤ አዎ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “በእጇ ይዛት ቢሆን ሁለቱም ነበር የሚሄዱት። ልጅ ሆና፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ሰው እየጮኸባት... የት ናት አሁን? የምወስደው እሷን ነበር።”

“ሩቅ ናት” አልኩ። “እሷ ከሌለች እኔን ይውሰዱኝ።”

ወሰዱኝ። ከደረት ኪሳቸው ካቻቢቴውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና “ሰኞ የመኪናሽን ሆድ አንቺው ትከፍቻለሽ” አሉኝ። ሰኞም ከፈትኩት! ኮሌታ ክፍል አንዷ መኪና ቆማ ተጠራሁ፤ “ሰዓት” ራሱ እጁን አጣጥፎ ከጎኔ ጠበቀ። ገመዷ ከውስጥ ተቆርጦ ነበር። ስትነሣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱም ሰዓቱን አይቶ “ጥሩ” አለ። ከእሱ አፍ ይህ እንደ ሽልማት ነው።

ግን የደብዳቤው ዋና ነገር ይህ አይደለም። ወደ ፈተናው ቀን ልመልስሽ። ሮጬ ቤት ገባሁና ለእማዬ አልፌያለሁ ብቻ አላልኳትም። “እማዬ፣ ያን ቀን እትዬ ባትመታሽ ኖሮ ሞተሽ ነበር፣ ታውቂያለሽ?” አልኳት።

“እንዴ! ሳላውቅ ነው?” አለችኝ ቁጣ ቁጣ እያላት። “እኔን እኮ ነው የያዘኝ። እያየኋት፣ እየሰማሁ፣ መናገር አቃተኝ። በልቤ አትንኪኝ፣ ልጄ አትንኪኝ እላለሁ። አልነካችኝም። መታችኝ። እግዜር ይስጣት።”

“ለምን አልነገርሻትም ታዲያ?”

 “የምታውቅ መስሎኝ ነዋ” አለች። ከዚያም “አታውቅም እንዴ?” አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

“እናቷን የመታች እየተባለች ስንት ዘመን! አክስቴ ስታወራ ለምን ዝም አልሽ?”

“የእሷን አፍ ማን ይዘጋዋል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው። ያ እንጨት ፊት ለፊቷ ቆሞ የለም? በፍርሃት ብቻ ያቆምኩት መሰላችሁ? ያተረፈኝን እንጨት እንዴት ጓዳ እጥለዋለሁ!”

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዟል፣ እትዬ። አንቺ ያን እንጨት ባየሽ ቁጥር ጥፋትሽ ቆሞ የሚያይሽ መሰለሽ፤ እማዬ ደግሞ ለክብርሽ ነው ያቆመችው። አሁን እኔ የሳይንስ ተማሪ ሆኜ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ እነግርሻለሁ፦ አንቺ እናትሽን አልደበደብሽም። ዙሩን ቆረጥሽው። እኔ ተምሬ የደረስኩበትን አንቺ ደብተርሽን ብብትሽ ሥር ይዘሽ አደረግሽው። ኩሪ! እኔ እንዴት እንደኮራሁብሽ ብታዪ ኖሮ ስልኩን ዘግተሽ አትቀመጪም ነበር። አክስታችንንም አልማርኳትም፤ እሁድ ስትመጣ አምፖልና ባትሪ ይዤ አስቀምጬ አስተምሬያታለሁ። “ታዲያ እኔ ምን አውቄ?” ብላ አለቀሰች። ልትደውልልሽ ነው፤ የእሷን ግን አንሺላት፣ ካለቀሰች አታቆምም።

እማዬ ያን ምሽት እንጨቱን ወስዳ በመጥረጊያ ጨርቅ ወለወለችው። ወንበር ላይ ወጥቼ ከመስኮቱ በላይ ወደ ቦታው መለስኩት፣ መጋረጃውንም ከገመዱ አውርደን ሰቀልንበት። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያው ፊት ቆመች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ደረቅ ይሁን ነው ያልሽው?” አለች። “አዎ” አልኳት። ሁሉ ጣት ነበራት፤ እሷ ግን ያችን ጠማማዋን መርጣ ዘረጋቻትና ተጫነች።

ቤቱ ቦግ አለ። እማዬ እንደ ልጅ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “በዚችኛዋ ጣቴ ነው ብለሽ ጻፊላት” አለችኝ።

ጻፍኩልሽ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ከፈረቃ በኋላ እደውላለሁ። ሥራም አልሄድሽም፣ አልተኛሽምም፤ አንሺ።

ሽቦ በነጠላ፣ ክር ግን አሁንም በእጥፍ የምትይዘው ታናሽሽ፣
የጥገና ክፍል ተለማማጅ